የት ሞላህ?

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ፎርም የሞላ ሰው ይህችን ጥያቄ አይረሳትም። ፎርሙ እጅ በገባ ቀን የትምህርት ቤቱ ግቢ ከዳር እስከ ዳር የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የት ሞላህ?»፣ «አንቺስ የት ሞላሽ?»። ልብ በሉ፣ «ምን መማር ትወዳለህ?» የሚል የለም። ጥያቄው ሲፈታ «ከእነማን ጋር ነህ?» ማለት ነው።

እኔም ሞልቻለሁ። ጊዜው የ1980ዎቹ ማብቂያ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ከትምህርት ቤታችን አጥር ሥር አንዲት ድንጋይ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥንና አንደኛ ምርጫችንን ዓለማያ ብለን ሞላን። ምክንያታችንን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። «እዚያ ለተማሪ ወተት በየቀኑ ይሰጣል» የሚል ወሬ ሰምተን ነው። ወሬውን ያመጣው የአንዳችን የአጎት ልጅ ነበር፤ እሱም ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው። ወላጆቻችን ስለ ዓለማያም ስለ ወተቱም የሰሙት ፎርሙ ከተመለሰ በኋላ ነው። እናቴ «ማን መከረህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማን እንደመከረኝ ግን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቅ ነበር።

የአገራችን የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ንጉሥ አለ፣ ሚኒስትር አለ፣ ፖሊሲ አለ፣ ፍኖተ ካርታ አለ። ያቺ ድንጋይ ግን የለችም። እኔ ደግሞ የማምነው፣ ኮሌጅ መግባትና መቅረት ከቤት ይልቅ የሚወሰነው እዚያ ድንጋይ ላይ መሆኑን ነው። ቤተሰብ ይመኛል፣ መንግሥት ይደለድላል። መሃል ላይ «እንሂድ» ወይም «ተወው ባክህ» የሚለው ግን ጓደኛ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር ካልን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት መሄድ አለብን። የቆሎ ተማሪው ማን ልኮት ነው ከቤቱ የወጣው? አንዳንዱን አባቱ ለመምህር ሰጥቶታል። ብዙው ግን ጠፍቶ ነው የሄደው። ከመንደሩ ቀድሞ የጠፋ አንድ ልጅ ለበዓል ይመጣል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ። ሰውነቱ ከስቷል፣ እግሩ ተሰነጣጥቋል፣ ቅኔ ግን ይዘርፋል። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ያስቀምጡታል። ይህን ያየ እኩያው የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። በማግስቱ ከብቶቹ ያለ እረኛ ይገኛሉ። ሊቃውንቱ የልጅነት ታሪካቸውን ሲያጫውቱ «ከእገሌ ጋር ጠፍቼ» የምትለዋ ነገር እምብዛም አትቀርም። ከደረሱ በኋላም ጎጆው የጋራ ነው፣ ልመናው የጋራ ነው፣ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል። አንዱ «በቃኝ» ብሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ ጎጆው ውስጥ የቀረው ልብ መሸፈት ይጀምራል።

ዘመናዊው ትምህርት መልኩን ቀየረው እንጂ ነገሩን አልቀየረውም። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጄኔራል ዊንጌት ተከተሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ የመጡለት በጣት ከሚቆጠሩት ከእነዚህ መሰል ትምህርት ቤቶች ነው። የብዙዎቹ ኑሮ ደግሞ አዳሪ ነበር። ከጠቅላይ ግዛት የመጣ ልጅ አባቱን የሚያየው በዓመት አንድ ጊዜ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ከጎኑ ባለው አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ ነው። አባትየውማ ቢጠየቅ ልጁ ስምንተኛን ጨርሶ ጸሐፊ ሆኖ ደመወዝ ቢበላ ይመርጥ ነበር። የጊዜው ሥራ ፊደል የቆጠረ ሰው አጥቶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን የተዘጋጀ እንጀራ ትቶ አራት ዓመት ለመማር አንድ የሚያሳምን ነገር ያስፈልጋል። ያ የሚያሳምን ነገር የመኝታ ቤቱ ወሬ ነበር።

ኮሌጁ ውስጥ ከገቡ በኋላስ? በ1951 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች የትምህርት ዕድል ሰጡ። ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከሌላውም አገር ወጣቶች መጡና ከእኛዎቹ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አደሩ። ታሪክ ጸሐፊዎች በዚያ ዘመን ተማሪዎች ላይ የነበራቸውን ተጽዕኖ ደጋግመው ያነሡታል። ቅኝ ግዛት ላይ ሲታገሉ የኖሩት ልጆች የእኛዎቹን «እናንተስ ነጻ ናችሁ፣ ታዲያ ምን እየሠራችሁ ነው?» ሳይሏቸው አልቀሩም መቼም። ንጉሡ ለአፍሪካ ወዳጅነት የከፈቱት በር በእራት ሰዓት ወሬ ሆኖ ተመለሰ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የኮሌጁ ተማሪዎች የመፈንቅለ መንግሥቱን ሙከራ ደግፈው አደባባይ ሲወጡ ከዚያ ወሬ የተረፈ ነገር አልነበረም ማለት ያስቸግራል። በኋላም በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር ከመውጣቱ በፊት ነገሩን ሲያበስሉ የነበሩት ጥቂት ጓደኛሞች ናቸው። «አዞዎቹ» ይባሉ ነበር።

ለእኔ ግን የዚህ ታሪክ ቁልፍ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው የማያነሣው ቦታ። በዚያው በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ደነገገ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ሄዱ። እስቲ አስቡት። ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ጎሬ ወይም ደብረ ታቦር ይወርዳል። የሚያስተምራቸው ልጆች ዘግይተው ትምህርት የጀመሩ ናቸውና አሥራ ስምንትም ሃያም የሆናቸው አሉበት። ከሰዓት በኋላ አብሯቸው ኳስ ይጫወታል፣ ማታ አንድ ጠጅ ቤት ይገናኛሉ፣ መጽሐፍ ያውሳቸዋል። «የኔታ» ለመባል ዕድሜውም ወግ ማዕረጉም አይበቃም፤ ታላቅ ወንድም ነው። ለክፍለ ሀገሩ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ በሬዲዮ የሚሰማ ስም ነበር። አሁን ሰው ሆኖ መጣ፤ ያውም እንደ እሱ የጠበበ ሸሚዝ ያለው ሰው። «ለካ እንዲህ ያለ ልጅ ነው የሚገባው!» ማለት ከመቶ የሬዲዮ ስብከት ይበልጣል።

ያ ወጣት በሻንጣው ፖለቲካም ይዞ ነበር የወረደው። ኮሌጅ የመግባት ጉጉትና አድማ የመምታት ጉጉት በአንድ ሻንጣ ነው ክፍለ ሀገር የገቡት። ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ሲገደል በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበረው ሐዘን የሩቅ ሰው ሐዘን ያልሆነው ለዚህ ይመስለኛል። የካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ጥናት የተነሣ ሥራ ሲያቆሙም፣ የድሃ ልጅ ወደ ላይኛው ትምህርት የሚወጣበት መንገድ ይጠባል የሚለው ስጋት ከአስተማሪም ከተማሪም አፍ እኩል ይሰማ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ቤታችንን ያላንኳኳ የለምና። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ያልዘመተ መማርም ሥራ መያዝም አይችልም ተባለ። እንሂድ ወይስ እንቅር የሚለው ክርክር የተካሄደው እንደ ወትሮው በእኩያ መካከል ነው። የሄዱትም ተያይዘው ሄዱ፣ ከጣቢያው የጠፉትም ብዙውን ጊዜ ተያይዘው ጠፉ። ቀጥሎ ቀይ ሽብር መጣ። የጥናት ክበብ ይባል የነበረው የጓደኛሞች ስብስብ የሞት መዝገብ ሆነ። አንዱ ሲያዝ ሌሎቹ ይለቀማሉ። «አጋልጥ» ሲባል የሚጋለጠው አብሮ ያጠና፣ አብሮ ፎርም የሞላ ልጅ ነው።

እኔ ይህን ዘመን በዓይኔ አላየሁትም፤ በእናቴ ፍርሃት ነው የማውቀው። «ከሁለት በላይ ሆናችሁ አትቁሙ» ትለን ነበር፤ መንግሥት ከተለወጠም በኋላ። የእኛ ወላጆች «ጓደኛ ያጠፋሃል» ሲሉ ስለ ሲጋራና ስለ ጫት ብቻ የሚያወሩ ይመስለን ነበር። ለካ ነገሩ ሌላ ኖሯል። ከአህያ ጋር የዋለችው ጊደር ታሪክ ለእነሱ ተረት አልነበረም። ልጅ ጓደኛውን ተከትሎ ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር አይተዋል።

ማትሪክ በዚህ ፍርሃት ላይ ነው የተተከለው። በደርግ ዘመን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ከተፈታኙ እጅግ ጥቂቱ ነበር። ከ1975 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አለ፤ የወደቀውን ወንድ ልጅ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ስለዚህ ልጆች በመንገድ መብራት ሥር፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሻማ ባለበት ቤት ሁሉ ተሰብስበው አጠኑ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ያለፉትም ቢሆኑ አልተረፉም። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተላኩ። ሥርዓቱ ሲወድቅ ከፊሎቹ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፣ ከፊሎቹ በቡድን በቡድን ሆነው ወደ ኬንያ ተሻገሩ። ማን ወደየት እንደሄደ ብትጠይቋቸው፣ አብዛኛው መልስ የሚጀምረው «አንድ ጓደኛዬ» በሚል ነው።

ወደ እኛ ድንጋይ ልመለስ። ከሦስታችን ቀስቃሹ አንዱ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መጥቶ መስኮታችንን በጠጠር ይመታል። እናቴ ከእንቅልፏ ነቅታ «ያ ልጅ መጣብህ፣ ተነሥ» ትላለች። ለእሱ ብቻ ነበር የምትሸነፈው። ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ የሒሳብ ወርክሺቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ሁለታችንን እየነዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይወስደናል። እኔ ያለ እሱ ፈተናውን እቀመጥ ነበር ይሆናል፤ ማለፉን ግን አላልፍም ነበር።

ውጤት መጣ። ሁለታችን ገባን። እሱ ለጥቂት ነጥብ ቀረ።

እኔ የተመደብኩት ሌላ ቦታ ነው፤ ሌላኛው ዓለማያ ደረሰው። (የወተቱን ነገር ብጠይቀው እስከ ዛሬ ይስቃል እንጂ መልስ አይሰጠኝም።) የሄድን ቀን አውቶቡስ ተራ ድረስ ፍራሻችንን ተሸክሞ ሸኘን። ለፋሲካ ስንመለስ መንገድ ላይ አየሁት። ወዲያ ማዶ ተሻገረ። እኔም ልጅ ነበርኩና ተሻግሬ አልተከተልኩትም። በማግስቱ ዓመት ድጋሚ ተፈተነ፤ አሁንም አልሆነለትም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እሱ እኛን ሲቀሰቅስ ነበር፤ እሱን የሚቀሰቅስ ግን ሰፈሩ ውስጥ አልቀረም። በኋላ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፣ ሾፌር ሆነ፣ አሁን የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ከእኔ የተሻለ ይኖራል። ይህን ለማጽናኛ አይደለም የምናገረው፤ እሱም ማጽናኛ አይፈልግም።

ከእኛ በኋላ የመጡት ልጆች ደግሞ መለያየቱ ቀደም ብሎ ነው የደረሰባቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አሥረኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና አስቀመጠ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ ፈተና ያለፈው ወደ ፕሪፓራቶሪ፣ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። ወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አገር አናጢም ኤሌክትሪሺያንም ያስፈልጋታል። ሰፈር ውስጥ ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ አንዱ «ፕሪፓራቶሪ ነኝ» ሲል ሌላው አንገቱን ደፍቶ «ቴክኒክ ነኝ» ይላል። የስድስት ዓመት ጓደኝነት በአንድ ክረምት ያልቃል። ፈተናው በ2012 ዓ.ም. ሲቀር ብዙ ሰው ስለ ጥራት ተከራከረ። በእነዚያ ክረምቶች ስለተለያዩት ልጆች የተናገረ ሰው ግን አልሰማሁም።

ዩኒቨርሲቲዎቹም በዙ። እኛ ፎርም ስንሞላ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ፣ የቀሩት ኮሌጅ ነበሩ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ጊዜ 13 አዳዲሶች ተከፈቱ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የጎረቤት ልጅ ገባ፣ የእሱ ጓደኛ ገባ፣ መግባት ወግ ሆነ። ከዚያ ተመርቀው መጡና ተቀመጡ። «ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን» የሚለው ቀልድ የመጣው ያኔ ነው። ድንጋይዋ ላይ የሚቀመጠው አሁን ምሩቁ ሆነ። ታናናሾቹም አዩት።

አዩትና ሌላ አቅጣጫ ተመለከቱ። ከሆሳዕና አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው መንገድ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጓደኛ የተጠረገ መንገድ ነው። ቀድሞ የገባው የክፍል ጓደኛ ስልክ ይደውላል፣ ፎቶ ይልካል፣ ለአባቱ ቤት ይሠራል። ከወሎ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት እኅቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። አስተማሪዋ «ተማሪ» ትላለች፣ አጠገቧ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ደግሞ ከጅዳ ለእናቷ ቆርቆሮ ትገዛለች። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲባረሩ «ከእንግዲህስ ማንም አይሄድም» ያልን ነበርን። ተሳስተናል። የተመለሱት የነገሩትን መከራ የሰማች ልጅ፣ ያልተመለሰችው ጓደኛዋ የላከችውንም ፎቶ አይታለች።

የሚመስልህ ሰው እንጂ የሚበልጥህ ሰው አያሳምንህም። በ2003 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ለገበሬዎች በኦሮምኛ የተሠሩ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞችን አሳይተው ነበር። ፊልሞቹ ውስጥ ያሉት እንደ እነሱው ከድህነት ተነሥተው በጥረታቸው የተለወጡ ሰዎች ናቸው። ብር አልተሰጠም፣ ስብከት የለም። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ቤተሰቦች ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያወጡት ጨምሮ ተገኘ። የ1957ቱ ሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ጎሬ ላይ ያደረገውም ከዚህ ሌላ አይደለም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ለዓመታት ጓደኝነት ማለት ማስኮረጅ ሆኖ ነበርና ነገሩ ተገቢ ነው፤ ያላስኮረጀ ልጅ ከሃዲ ይባል እንደነበር የማያውቅ የለም። ውጤቱ ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በማግስቱ ዓመት 3.2 በመቶ። ከዚያ 5.4፣ ቀጥሎ በ2017 ዓ.ም. 8.4። እየተሻሻለ ነው ይባላል፤ እሺ ይሁን። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ሰው የሚያወራው ስለ መቶኛው ነው። እኔ የማስበው ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ስለሚማር የ11ኛ ክፍል ልጅ ነው። ከእሱ በፊት ከግቢው የገባ የለም። ለበዓል ደበሎ ለብሶ የሚመጣ የለም። መስኮት በጠጠር የሚመታ ቢኖር እንኳን «ለምን?» ሲባል መልስ የለውም። እንዲህ ያለ ልጅ «የት ሞላህ?» የሚለውን ጥያቄ ማንን ይጠይቃል?

ባለፈው ዓመት ስልኬ ጮኸ። ያ ጓደኛዬ ነው፤ ባለ መለዋወጫ ሱቁ። ከተገናኘን ብዙ ጊዜ ሆኖናል።

«ስማ፣ ልጄ አልፋለች» አለኝ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ የት ትሙላ?»

ቀላል አድርጌ አላየሁትም። አንድ ቀን ሙሉ ሰው ጠየቅሁ፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ በምን ይታወቃል፣ ከቤት ምን ያህል ይርቃል፣ የመኝታው ነገር እንዴት ነው እያልኩ በወረቀት ዘርዝሬ ጻፍኩ። በማግስቱ ደወልኩለት። ገና «ሄሎ» ስል ይስቃል።

«ምነው?»

«ተወው፣ ሞልታለች። ትናንት ማታ። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቁጭ ብለው ነው የሞሉት፤ እኔም የሰማሁት ዛሬ ነው።»

«የት ሞላች?»

«ሐረማያ።»

የዓለማያ የዛሬ ስሟ ነው። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን።

«ለምን እንደሆነ ጠየቅሃት?»

«አልጠየቅኳትም» አለ። «ፈራሁ። ወተት ብትለኝስ?»